ቮልቴጅና ከረንት ሲታወቁ፦ የሬዚስታንስና የዋት ስሌት በወሎ

አንድ ዕቃ የሚያገኘው ቮልቴጅና የሚስበው ከረንት ከታወቁ፣ ሬዚስታንሱንም (ከረንቱን የሚያግድበትን መጠን) የሚወስደውን ኃይልም ማውጣት ይቻላል። ቮልቴጁ ለከረንቱ ሲካፈል ሬዚስታንሱ በኦም ይገኛል፤ ሁለቱ ሲባዙ ደግሞ ኃይሉ በዋት። የመጀመሪያውን ሕግ ጀርመናዊው መምህር ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 አሳተመው። ከረንት የሚያልፍበት ሽቦ ሙቀት በከረንቱ ስኩዌር ልክ እንደሚጨምር እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1841 አስከተለበት። ተማሪ ሁለቱንም ፊዚክስ ክፍል ያገኛቸዋል፤ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ግን ስሌቱን አጥብቆ የሚፈልገው የእንጀራ ምጣድ ነው።

ከሸክላው ሥር በቦይ በቦይ የተዘረጋ ጥምዝ ሽቦ አለ፤ ጠጋኞች ሽቦውን ራሱን «ሬዚስታንስ» ይሉታል። የአገሩ የቤት መስመር 220 ቮልት ነው። ምጣዱ 16 አምፔር የሚስብ ከሆነ ሬዚስታንሱ 220 ÷ 16 = 13.75 ኦም፣ ኃይሉ 220 × 16 = 3,520 ዋት ይሆናል። ሳይጠፋ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት ቆጣሪው 5.28 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ከረንቱን ለመለካት ክላምፕ ሜተር፣ ማለትም ሽቦውን በመንጋጋው አቅፎ የሚለካ መሣሪያ፣ ይበቃል፤ የሚታቀፈው ግን አንዱ ሽቦ ብቻ ነው። ገመዱን እንዳለ ያቀፈ ሰው ዜሮ ያነባል፤ የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት ይጣፋሉና።

ሽቦው ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን አጠማዞ ማስቀጠል የተለመደ ጥገና ነው። ዕቃው መልሶ ይግላል፣ ባለቤቷም «እንዲያውም በረታ» ትላለች። እውነቷን ነው። ከሽቦው አንድ አሥረኛው ቢቀነስ ሬዚስታንሱ ወደ 12.4 ኦም ይወርዳል፣ ከረንቱ 17.8 አምፔር ገደማ ይደርሳል፣ ኃይሉም 3,900 ዋት ያልፋል። ለ16 አምፔር የተሠራው ሶኬትና ብሬከር ግን አልበረቱም፤ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ሽቦውም ከበፊቱ ቶሎ ይበጠሳል። ሁለተኛ ጊዜ ከመቀጠል አዲስ መግዛት ይረክሳል።

የዒድ ወይም የፋሲካ ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፦ ቮልቴጁ ይወርዳል። 180 ቮልት ደረሰ እንበል። ቅናሹ 18 በመቶ ብቻ ስለሆነ ብዙዎች ምጣዱም በዚያው ልክ የሚደክም ይመስላቸዋል። ሬዚስታንሱ ያው 13.75 ኦም ስለሆነ ከረንቱ ወደ 13.1 አምፔር ይወርዳል፣ ኃይሉም 2,356 ዋት ላይ ይቀራል። ቮልቴጅም ከረንትም አብረው ስለቀነሱ አንድ ሦስተኛው ኃይል ሄዷል። እንጀራው ዓይን የማያወጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ሊጡ ላይ ከመፍረድ በፊት ቮልቴጁን መለካት ይሻላል።

ቮልቴጁ የት እንደቀረም በዚሁ ስሌት ይገኛል። ምጣዱ ሳይሰካ ሶኬቱ ላይ 215፣ ተሰክቶ 198 ቮልት ቢነበብ፣ 17 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ምጣዱ 14.4 አምፔር ይስባል፤ 17 ÷ 14.4 ወደ 1.2 ኦም ይሰጣል። ይህ የምጣዱ ሳይሆን የመስመሩ ሬዚስታንስ ነው፤ 245 ዋት ያህል ሽቦና መጋጠሚያ እያሞቀ ይባክናል። ከብሬከሩ እስከ ሶኬቱ 20 ሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 0.28 ኦም ገደማ ነው። ስለዚህ 1.2 ኦም ሲገኝ የላላ መጋጠሚያን ወይም ከፖሉ የሚመጣውን ረጅም ቀጭን መስመር መጠርጠር ነው። በ1.5 ካሬ ሽቦ ምጣድ መሰካት ደግሞ ጨርሶ አይመከርም።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ወልዲያ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ለ25,000 ቮልት የተነደፈውም ይህንኑ ብክነት ለመቀነስ ነው። 5 ሜጋዋት በዚህ ቮልቴጅ ሲላክ 200 አምፔር ይበቃል፤ በ220 ቮልት ቢሆን ከ22,000 አምፔር በላይ ይጠይቅ ነበር። ያንን የሚሸከም ሽቦ ማን ይሰቅላል!

ቀመሩ ያለ ጥንቃቄ የሚያሳስትባቸው ዕቃዎች አሉ። ባለ ክር የድሮ 60 ዋት አምፖል ሲበራ 807 ኦም ገደማ ነው፤ ጠፍቶና ቀዝቅዞ በመልቲሜተር ሲለካ ግን ከዚያ አሥር እጥፍ ያነሰ ወይም ከዚያም የወረደ ያሳያል፣ የተንግስተን ሬዚስታንስ ከሙቀት ጋር ስለሚያድግ። የምጣድ ሽቦ በአብዛኛው እንዲህ አይለዋወጥም፤ ቀዝቅዞ የተለካው ለግምት ይበቃል፣ ተነቅሎ ከተለካ ማለት ነው።

የወፍጮ ቤት ሞተር ከሁሉም ይለያል። በ380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር 20 አምፔር የሚስብ ሞተር ኃይሉ 1.732 × 380 × 20 ሲባዛ (1.732 የ3 ስኩዌር ሩት ነው፣ በሦስት ፌዝ ስሌት ይገባል) 13,163 ይመጣል፤ ይህ ግን ዋት ሳይሆን ቮልት አምፔር ነው። የሞተሩ ፓወር ፋክተር፣ ማለትም ከቮልት አምፔሩ እውነተኛ ዋት የሚሆነው ድርሻ፣ 0.8 ከሆነ ከመስመሩ የሚወስደው እውነተኛ ኃይል 10,530 ዋት ገደማ ነው። ቮልቴጁን ለከረንቱ ማካፈልም የጥቅሉን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የተጠቀለለውን ሽቦ፣ ሬዚስታንስ አይሰጥም። ከምጣድ የሚለየው ደግሞ ቮልቴጅ ሲወርድ ነው፦ እህሉን ለመፍጨት ያንኑ ጉልበት ስለሚፈልግ ከረንቱን ይጨምራል፣ ይግላል፣ መከላከያ ከሌለው ጥቅሉ ይቃጠላል። ዋዜማ ማታ ምጣዱ ሲቀዘቅዝ ሞተሩ የሚቃጠለው በአንድ ምክንያት ነው።

መስመር ባልደረሰበት ገጠር በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ሶላር አለ። 60 ዋት ለማብራት 5 አምፔር ያስፈልጋል፤ በ220 ቮልት 0.27 ብቻ ነበር። የገመዱ ሬዚስታንስ ግማሽ ኦም ቢሆን 2.5 ቮልት ይወስዳል፣ ከ12ቱ አንድ አምስተኛውን ያህል። ባትሪውን ከመብራቱ አጠገብ ማስቀመጥ ትልቅ ፓኔል ከመጨመር ይቀድማል።