ለሶላር ምርምር መንግሥት የሚያወጣው ገንዘብ

የፀሐይ ብርሃን ነፃ ነው። ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ሴል ማሻሻል ግን ዓመታትም ገንዘብም ይበላል። ትርፉ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ባለሀብት ይሸሸዋል። ስለዚህ የምርምሩን ወጪ በአብዛኛው የተሸከሙት መንግሥታት ናቸው።

ጅማሬው ግን የግል ነው። ቤል ላብስ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ላቦራቶሪ በ1954 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለሥራ የሚበቃውን የመጀመሪያ የሲሊኮን ሴል ሠራ። ካረፈበት ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ነበር የሚቀይረው። ዋጋው አይቀመስም ነበር። ዋጋ ሳይል የገዛው የጠፈር ፕሮግራም ነው፤ በ1958 የመጠቀችው ቫንጋርድ 1 ሳተላይት ሶላር ሴል ነበራት።

ለምድሩ ሥራ ካዝና የተከፈተው በ1973 ነዳጅ ሲወደድ ነው። ጃፓን በ1974 «ሰንሻይን» የተባለ ፕሮጀክት ጀመረች። አሜሪካ በ1977 ኮሎራዶ ውስጥ የሶላር ምርምር ተቋም ከፈተች። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1979 ዋይት ሀውስ ጣሪያ ላይ 32 የውሃ ማሞቂያ ፓነሎች አስተከሉ። ከዚያ ሬገን መጡ፤ የተቋሙ በጀት ክፉኛ ተቆረጠ። በ1986 ፓነሎቹም ጣሪያው ሲጠገን ወረዱ። በዚያው ቀሩ።

የዘርፉ በሽታ ይሄው ነው። ነዳጅ ሲወደድ ገንዘቡ ይጎርፋል፣ ሲረክስ ይደርቃል። የተመራማሪ ቡድን ደግሞ እንደ ቧንቧ አይከፈትም፣ አይዘጋም። አንዴ ከተበተነ መልሶ ማሰባሰቡ መከራ ነው።

ገንዘቡ የሚወጣበት መንገድም ወሳኝ ነው። ለእኔ ብልሁ መንገድ የናሳው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ከ1975 እስከ 1986 የሄደበት ነው። ላቦራቶሪው ከኩባንያዎች ፓነል ይገዛ ነበር፤ በአምስት ዙር። የተገዛው ፓነል ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበት ውስጥ ይከርማል፣ የበረዶ ኳስ ይተኮስበታል። ሲሰነጠቅ ለምን እንደሆነ ይጠናል፤ የሚቀጥለው ዙር ፈተና ይከብዳል። ዛሬ ፓነል ገበያ ከመውጣቱ በፊት ከሚያልፋቸው ፈተናዎች ብዙዎቹ መነሻቸው እዚያ ነው።

የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት በ2011 «ሰንሾት»ን ሲጀምር ግቡን በዋጋ ለካ፦ በ2020 የትልልቅ ጣቢያዎች ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት ወደ 6 የአሜሪካ ሳንቲም እንዲወርድ። በ2017 ደረስን አሉ። እውነቱን ለመናገር ዋጋውን ያወረደው የእነሱ ምርምር ብቻ አይደለም፤ የቻይና ፋብሪካዎችም ናቸው።

ቻይናም ከባዶ አልተነሳችም። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ፣ ማርቲን ግሪን የሚመራው ቡድን በመንግሥት ድጋፍ ሲሠራ ቆይቶ በ1989 ፐርክ የተባለውን ሴል ይፋ አደረገ። የግሪን ተማሪ የነበረው ሺ ዠንግሮንግ በ2001 በቻይናዋ ውሺ ከተማ ሰንቴክ የተባለውን የፓነል ኩባንያ መሠረተ። ኋላ ፐርክ የዓለምን ገበያ ሲይዝ ፓነሉን በብዛት የሚያመርቱት የቻይና ፋብሪካዎች ነበሩ። አውስትራሊያ ከሰረች? ፋብሪካውን አላገኘችም፣ ርካሹን ፓነል ግን አግኝታለች፤ ዛሬ ከሦስት ቤቶቿ የአንዱ ጣሪያ ሶላር አለው።