አሰር ምንድን ነው? ለስኳር ሕመምተኛስ ምን ይሠራል?

ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ሩብ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ውሃው ይወፍራል፤ በማንኪያ ሲያነሱትም ይዝለገለጋል። ይህን ዝልግልግ ነገር የሚፈጥረው አሰር ነው፤ አሁን ብዙ ሰው ፋይበር ይለዋል። አሰር ከእህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬ የሚገኝ፣ ትንሹ አንጀታችን ሊፈጨው የማይችለው የካርቦሃይድሬት ዓይነት ነው። ስለማይፈጭም ወደ ግሉኮስ (ደም ውስጥ ወደሚገኘው ስኳር) ተለውጦ ደም ውስጥ አይገባም።

ውሃ ውስጥ የሚሟሟው አሰር በተልባ፣ በአብሽ፣ በአጃ፣ በገብስና በጥራጥሬ ውስጥ ይገኛል። ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደዚያ ብርጭቆ ተልባ ይወፍርና ምግቡ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ፣ ግሉኮሱም ወደ ደም ቀስ እያለ እንዲገባ ያደርጋል። የማይሟሟው፣ ለምሳሌ የስንዴ ፉርሽካ፣ በይበልጥ የሚጠቅመው ለሆድ ድርቀት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለባቸውን 13 ሰዎች ለ6 ሳምንት በቀን 50 ግራም፣ ለሌላ 6 ሳምንት 24 ግራም አሰር መግቧቸው ነበር። በ50 ግራሙ ጊዜ የቀኑ የደም ስኳራቸው በ10 በመቶ ያህል ዝቅ ብሏል። ለውጡ ቀላል አይደለም፤ መድኃኒትን ግን አይተካም።

አንድ ኩባያ የበሰለ ድፍን ምስር 15 ግራም ያህል፣ ሽምብራ 12 ግራም ያህል አሰር አለው። አንድ ኩባያ ነጭ ሩዝ 1 ግራም እንኳ አይሞላም። የጾም ገበታችን በዚህ በኩል የታደለ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አዘገጃጀቱ ላይ ነው። ድፍን ሽምብራ ሲቀቀል ስታርቹ (ሲፈጭ ወደ ግሉኮስ የሚለወጠው ክፍል) በእህሉ ሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል፤ ሰውነትም ቀስ ብሎ ይደርስበታል። ሽሮ ሲሆን አሰሩ ባይጠፋም ግድግዳው በወፍጮ ስለተሰበረ ስታርቹ ቶሎ ይፈጫል። ክክ ደግሞ ከነልጣጩ ብዙ አሰሩን ያጣል። ስለዚህ ንፍሮ ከሽሮ፣ ድፍን ምስር ከክክ ይሻላል። ጤፍ ከነልጣጩ ስለሚፈጭ አሰር አለው፤ ሆኖም ዱቄቱ የላመ፣ ስታርቹም ብዙ ነውና «ጤፍ ነው» ብሎ ሁለት ሦስት እንጀራ መብላት ስኳርን ከፍ ያደርጋል። እንጀራውን ቀንሶ ጎመንና ምስሩን ማብዛት፣ ከተቻለም ጎመኑን አስቀድሞ መብላት ይረዳል። አብሽ ተዘፍዝፎ፣ መራራ ውሃው ተደፍቶ፣ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ከተመታ በኋላ ማር ወይም ስኳር ከተጨመረበት የታሰበለትን ጥቅም ያጣል። ብርቱካንም ተልጦ ሲበላ 3 ግራም ገደማ አሰር ይሰጣል፤ ሲጨመቅ የሦስት ብርቱካን ስኳር በአንድ ብርጭቆ ይጠጣል፣ አሰሩም ጭማቂው ማሽን ውስጥ ይቀራል።

አጀማመሩ ቀስ ይበል፤ በየሳምንቱ የቀኑን መጠን በ5 ግራም ያህል መጨመር ይበቃል። በአንዴ ከበዛ ሆድ ይነፋል፣ ውሃ ካነሰም ያደርቃል። ለውጡን ለማየት ከመብላትዎ በፊትና መብላት ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላ የደም ስኳርዎን ይለኩ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው እንጀራውን ሲቀንስ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። በስኳር ሕመም ምክንያት የጨጓራ ነርቩ የተጎዳና ምግብ የማይወርድለት ሰው አሰር ሲያበዛ ማስመለሱ ይብስበታል። ኩላሊቱ የደከመም ሰው ጥራጥሬና ጎመን ፖታሲየም ስላላቸው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ስኳርዎ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ወርዶ ሲያልብዎትና ሲያንቀጠቅጥዎት ግን ቆሎ ወይም ፍራፍሬ አይፈልጉ፤ አሰሩ ያዘገየዋል። 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለኩ።