የተቃጠለው የገብስ እርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የንጉሥ ዳዊት ልጅ አቤሴሎም የአባቱን የጦር አለቃ የኢዮአብን ገብስ ለምን እንዳቃጠለ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ኢዮአብ አልበደለውም። እንዲያውም ከጌሹር ስደቱ ያስመለሰው እርሱ ነበር። ነገር ግን አባቱ ዳዊት ፊቴን አይይ ብሎ ስለነበር፣ አቤሴሎም ሁለት ዓመት ሙሉ በኢየሩሳሌም ሲቀመጥ የንጉሡን ፊት አላየም (2ኛ ሳሙ. 14፥28)። አባትና ልጅ በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ አይተያዩም። ከአባቱ ጋር እንዲያገናኘው ኢዮአብን ሁለት ጊዜ አስጠራው፣ ሁለቱንም ጊዜ ቀረ። በሦስተኛው አገልጋዮቹን ልኮ እርሻውን አስቃጠለ። ኢዮአብ ወዲያው መጣ።

ይህን ክፍል ለብዙ ዘመን የዐመፀኛ ልጅ ታሪክ አድርጌ ነበር የማነበው። ዛሬ ግን ፊት የተራበ ልጅ ይታየኛል። የዚያ ቤት ችግር የጀመረው ከእሳቱ በፊት ነው። የዳዊት ልጅ አምኖን የአቤሴሎምን እኅት ትዕማርን ባስነወራት ጊዜ ዳዊት ሰምቶ እጅግ ተቈጣ ይላል መጽሐፉ፤ ከቁጣው በኋላ ግን ምንም አላደረገም። ልጂቱን ጠርቶ አላጽናናም፣ ልጁን ጠርቶ አልገሠጸም። እርሷ በወንድሟ በአቤሴሎም ቤት ብቻዋን ቀረች። አቤሴሎም ሁለት ዓመት ዝም አለና ወንድሙን አምኖንን አስገደለ፤ ወደ ጌሹር የተሰደደውም በዚህ ነው። ጎልያድን የጣለ፣ መዝሙር የደረሰ፣ እግዚአብሔር እንደ ልቤ ያለው ሰው በገዛ ቤቱ ዝም አለ። ይህ ያስፈራኛል። ቤተ ክርስቲያን ማገልገል ብቻውን ቤትን አይጠብቅምና።

በአሜሪካ ሚሺጋን ክፍለ ግዛት ኦክስፎርድ በምትባል ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የ15 ዓመት ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጋቢት ወር፣ በችሎት እንደተሰማው፣ ቤት ውስጥ ብቻውን ሳለ ሌላ ሰው ያለ መሰለውና ለእናቱ በስልክ ጻፈላት፤ ለሰዓታት መልስ አላገኘም። በኅዳር ወር መጨረሻ አባቱ ሽጉጥ ገዛ፤ ልጁም ሽጉጡን «የእኔ ነው» ይል ነበር። ከአራት ቀን በኋላ መምህሩ በሒሳብ ወረቀቱ ላይ ሽጉጥና ደም የሚፈስሰው ሰው ተሥሎ አገኘ። ከሥዕሉ አጠገብ ሐሳቡ አልቆም አለኝ፣ እርዱኝ የሚል ተጽፏል። ወላጆቹ ተጠርተው መጡ። ምክር የሚሰጠው ሰው እንዲፈልጉለት ተነገራቸው፤ ልጁን ግን ወደ ቤት አልወሰዱትም፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቦርሳውን የከፈተ አንድም ሰው አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱም ጭምር። ሽጉጡ እዚያው ውስጥ ነበር። ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ አራት ተማሪዎች ተገደሉ፣ ሰባት ሰዎች ቆሰሉ። ከሞቱት ታናሺቱ 14 ዓመቷ ነበር።

ልጁ ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2024 ሚያዝያ ደግሞ ወላጆቹ እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት እስራት ተቀጡ። በአገሪቱ ልጅ በትምህርት ቤት ላደረሰው ጅምላ ግድያ በሰው መግደል ወንጀል የተፈረደባቸው የመጀመሪያዎቹ ወላጆች ናቸው።

እባካችሁ አትሳሳቱብኝ። ችላ የተባለ ልጅ ሁሉ ገዳይ አይሆንም፤ አብዛኞቹ ሕመማቸውን በራሳቸው ውስጥ ነው የሚቀብሩት። ልጁም ለእጁ ሥራ ተጠያቂ ነው፤ አቤሴሎምም ተጠያቂ ነበር። ነገር ግን «እርዱኝ» የሚለው ጽሑፍ እርሻው ላይ የተለቀቀው እሳት ነበር። እሳቱን አይተው መጡ፣ ተቀመጡ፣ ተነጋገሩ፣ ሄዱ።

እኛም በዚያ አገር እየኖርን ነው። ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችን በብዛት የሚገድለው በሽታ ወይም የመኪና አደጋ ሳይሆን የጦር መሣሪያ ነው። ሱቅ የሚጠብቁ፣ በሌሊት የሚነዱ ወንድሞች ለራሳቸው ብለው ሽጉጥ እንደሚገዙ አውቃለሁ። አልፈርድም። ግን ጥይቱ ወጥቶ፣ መሣሪያውና ጥይቱ ለየብቻ ይቆለፍባቸው፤ ቁልፉም ልጁ የማያውቀው ቦታ ይሁን። ልጃችሁ ጓደኛው ቤት ሊያድር ሲል «ቤታችሁ መሣሪያ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ነውር አይደለም። ልጁ ሐሳቡ አልቆም አለኝ ካለ ጸበልም ይጠመቅ፣ ሐኪምም ይየው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በ988 ስልክ ቁጥር በቀንም በሌሊትም የሚያነጋግር ሰው ይገኛል። የክርስትና አባትና እናት የሆናችሁም፣ ልጁን ከቅዱሱ ውኃ የተቀበላችሁት በበዓል ቀን ደውላችሁ እንኳን አደረሰህ ለማለት ብቻ አልነበረም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በማገለግልበት ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹን ቤታችሁን ሣሉ ብለናቸው ነበር። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በር ሣለ፤ ከበሩ ሥር ትልቅ ጥቁር ጫማ። «አባትህስ የታለ?» አልኩት። «ይኸው» አለ ጫማውን እያሳየ፤ «ጫማው ካለ ተኝቷል ማለት ነው፣ ድምፅ አላሰማም።» አባቱ ሌሊት ነጂ ነው፤ ለልጆቹ ሲል ነው የሚለፋው። አባቱን እጁን ይዤ ጥግ አድርጌ ሥዕሉን አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም።

ዳዊት በመጨረሻ፣ አቤሴሎም ዐምፆበት ጦርነት በሆነ ጊዜ፣ በከተማዪቱ በር ተቀምጦ ከጦር ሜዳ የመጣውን ሁሉ «ብላቴናው አቤሴሎም ደኅና ነውን?» እያለ ይጠይቅ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ፣ በሁለቱ ዓመታት መካከል፣ ልጁን ራሱን ቢጠይቀው ኖሮ እላለሁ። አቤሴሎም በመጨረሻ ወደ አባቱ በገባ ጊዜ ንጉሡ ሳመው ይላል፤ የተነጋገሩት ነገር ግን አልተጻፈም።

ያ አባት አሁን ከሌሊት ሥራ ሲገባ ወዲያው አይተኛም። ልጁን ቀስቅሶ አብረው ቁርስ ይበላሉ፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ያደርሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ዝም ብሎ ነበር የሚበላው አለኝ።