ጉበት በሁለት መንገድ ሲደክም

ብረት አየርና እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል። በሕዋሳታችን ውስጥም ከዚህ የሚቀራረብ ነገር አለ። ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የሕዋስ ክፍል ኃይል ሲያመነጭ ከኦክስጅን የሚወለዱ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚጎዱ ሞለኪውሎች ያመልጣሉ። ጥቂት ሲሆኑ ክፋት የላቸውም። እንዲያውም ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያ የሚገድሉት በእነሱ ነው። ከሰውነት መከላከያ በላይ ሲሆኑ ግን ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል።

ጉዳዩ ጉበት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ለመጀመሪያው መንገድ ከቤት የማይጠፋውን ፓራሲታሞል እንውሰድ። ጉበት አብዛኛውን አምክኖ በሽንት ያስወጣዋል፤ ትንሹ እጅ ግን መርዝ ይሆናል። ያንን መርዝ የሚያመክነው ግሉታታይዮን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ለጤነኛ አዋቂ የቀኑ ጣሪያ 4 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ ማለት ነው። መጠኑ በጣም ሲያልፍ ግሉታታይዮኑ ያልቃል፣ መርዙ ማይቶኮንድሪያው ላይ ይጣበቃል፣ ሕዋሱ ይሞታል። ተንኮሉ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። ሰውየው ቢያቅለሸልሸው ነው፤ ደህና ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤድንብራ ውስጥ የተሞከረው ማርከሻ፣ አሲቲልሲስቲን፣ ግሉታታይዮንን መልሶ ይሞላል። ክኒኑ ከተዋጠ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ጉበቱ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል።

ሁለተኛው መንገድ ዓመታት ይፈጃል። አልኮል፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይረሶች፣ የጉበት ስብ። እዚህ ጉበት ይጠባሰሳል። ስቴሌት የሚባሉ ሕዋሳት በደህናው ጊዜ ቫይታሚን ኤ አከማችተው የሚኖሩ ጨዋዎች ናቸው። ኦክሲዴቲቭ ስትረስና ብግነት ሲነካካቸው ግን ጠባያቸው ይለወጥና ኮላጅን የተባለውን የጠባሳ ፕሮቲን ማምረት ይጀምራሉ። ጠባሳው ሲበዛ ሲሮሲስ ይሆናል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1819 ያወጣው ስቴቶስኮፕን የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ላኔክ ነው፤ ከጉበቱ ቡናማ ቢጫ ቀለም ተነስቶ።

ከአንጀት የሚመጣው ደም ጠባሳውን ማለፍ ያቅተዋል። ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ የጉሮሮ ቧንቧ ደም ሥሮች ያብጣሉ። ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ አገር ቤት የወፍ በሽታ የሚባለው ምልክት። ጉበት ያላጣራው አሞኒያ የሚባል ቆሻሻ አንጎል ሲደርስ ደግሞ በሽተኛው ይቀባዥራል።

ታዲያ እነዚያን ጎጂ ሞለኪውሎች የሚያመክን አንቲኦክሲዳንት ክኒን መዋጥ አይበቃም? እንደዚያ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ በሆነው የፊንላንድ ጥናት ቤታካሮቲን የሚባለውን አንቲኦክሲዳንት የወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር ጨምሮ ተገኝቷል። ምንጩን ማድረቅ ይሻላል። ቫይረሱ በመድኃኒት ሲገታ ወይም መጠጡ ሲቆም ስቴሌት ሕዋሳቱ ይረጋጋሉ፤ ጠባሳውም በዓመታት ውስጥ ሊሳሳ ይችላል። ጉበቱ ጨርሶ እጅ ከሰጠ ግን የሚቀረው ንቅለ ተከላ ነው።