ስንኝ ምንድን ነው?

ስንኝ አንድ የግጥም መስመር ነው። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ግን መስመር ስለተቆረጠ ብቻ ጽሑፍ ግጥም አይሆንም። የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያ ወስዳችሁ አራት ቦታ ከፋፍላችሁ ጻፉት፤ ያው ማስታወቂያ ነው።

ስድ ንባብን ስሙ ራሱ ይነግረናል። ስድ ነው፣ ልቅ ነው። ሐሳቡ እስኪያልቅ ይሄዳል፤ ግሱም መጨረሻ ላይ ይመጣል። ለምሳሌ፦ «ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ ሲመታ እናቴ እንደ ድሮው በር ላይ ናት።» ይህንኑ በስንኝ ልሞክረው፦

ዝናቡ ሲመታ የቤቱን ቆርቆሮ፣
እናቴ በር ላይ ናት እንደ ድሮ ድሮ።

ቃላቱ ያው ናቸው ማለት ይቻላል። ግን በጣታችሁ ቁጠሩ። ዝ-ና-ቡ-ሲ-መ-ታ፣ 6 ቀለም፤ ቀለም ማለት በአንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ቁራጭ ነው። ትንሽ ትንፋሽ። የ-ቤ-ቱን-ቆር-ቆ-ሮ፣ ሌላ 6። ይህ 6 በ6 የወል ቤት ይባላል፤ አማርኛ ግጥም በብዛት የሚሄድበት ምት ነው። 5 በ5 ሲሆን ሰንጎ መገን ነው።

«ሲመታ» ከቦታው መነሳቱንስ አያችሁ? «ቆርቆሮ» መጨረሻ ላይ አርፎ «ድሮ»ን እንዲጠብቅ ነው። «ሮ» ተመልሳ ስትመጣ ቤት መታ እንላለን። ሁለቱን ስንኞች አንድ ላይ አያይዛችሁ ብትጽፏቸው እንኳ ጆሮ ለይቶ ይቆርጣቸዋል።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል፤ መሀሉን ማሲንቆው ይሞላዋል። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። መስመሩ የት እንደሚያልቅ ግን ማንም አይሳሳትም። ለእኔ ስንኝ ማለት ይኼ ነው፦ ድምፅ ቆሞ የሚተነፍስበት ቦታ።

ቤት የማይመታ ግጥምስ? እዚያ ሸክሙ በሙሉ መቁረጡ ላይ ይወድቃል። ይህችን እዩልኝ፦

ስትሄድ አላለቀስኩም፣
ፊትህ።

ስናወራ «ስትሄድ ፊትህ አላለቀስኩም» ነው የምንለው። «ፊትህ» መሀል ገብታ ትሰወራለች፤ ሰሚው ሳያስተውላት ያልፋል። ወርዳ ብቻዋን ስትቀመጥ ግን አንባቢው መጀመሪያ እንባ እንዳልነበረ ያምናል። ከዚያ ዓይኑ አንድ መስመር ዝቅ ሲል፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሆነውን ያውቃል።