የማር ሽቶ ውስጥ ማር የለም

ማር ማር የሚል ሽቶ እንደ ደብረ ብርሃን ላለ ብርዳም ከተማ የተሠራ ይመስላል። ሞቅ ያለ ነው፤ አይጮህም፤ ከጋቢ ጋር ይሄዳል። ወሬው ግን ብዙ ነው።

“ማር ተጨምሮበታል።”

አብዛኛውን ጊዜ አልተጨመረበትም። ማር አብዛኛው ስኳርና ውሃ ነው። ስኳር ደግሞ አይተንም፤ የማይተን ነገር አፍንጫ ጋ አይደርስም። ጠረኑ የሚመጣው በጣም ትንሽ ከሆኑና ቶሎ ከሚተኑ ንጥረ ነገሮች ነው። ብዙዎቹን ንቧ ከአበባው ይዛቸው ትመጣለች። የአደይ ማርና የግራር ማር አንድ ዓይነት የማይሸቱትም ለዚሁ ነው።

ሽቶ ቀማሚዎች ይህን ጠረን አንድም ከላቦራቶሪ ያገኙታል፤ ፌኒል አሴቲክ አሲድና ዘመዶቹ ማር ማር ይላሉ። ሌላው መንገድ ሰም ነው። የንብ ሰም ይሟሟና ጠረኑ በአልኮል ተለይቶ ይወጣል። ምን እንደሚሸት ማወቅ የፈለገ በፓራፊን ያልተቀየጠ ጧፍ ሳይለኩስ ያሽትት። ማር አለ፣ ድርቆሽ አለ፣ ትንሽ ትምባሆም አለ። ለእኔ ከላቦራቶሪው ይልቅ ይኼኛው ይበልጣል።

“መቼም ጣፋጭ ነው።”

ይህን ሻጭ አይነግራችሁም፦ ያው ፌኒል አሴቲክ አሲድ ሲበዛ ሽንት ሽንት ይላል። በአንዱ ቆዳ ላይ ማር የሆነው በሌላው ላይ በረት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በወረቀት አሽትታችሁ አትግዙ። እጃችሁ ላይ አስረጩና ገበያውን ዞራችሁ ተመለሱ።

“ቆዳ ይመግባል።”

ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነው፤ ማድረቅ እንጂ መመገብ አያውቅም። መጀመሪያ ቫዝሊን ተቀቡ፣ ከላይ ርጩ። ጠረኑም ይቆይላችኋል።

“አልሸት አለኝ፤ ፎርጂድ ነው።”

ሊሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ ብርዱን ጠርጥሩ። ጠረን የሚነሳው በሙቀት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርድባታል። ያንኑ ሽቶ ተቀብታችሁ በጣርማ በር ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ይዛችሁ ሸዋ ሮቢት ውረዱ። ከፍታው ከግማሽ በታች ይሆናል፤ ሙቀቱ ይመጣል፤ ሚኒባሱ በማር ይሞላና “ኧረ መስኮት ክፈቱ!” የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። ቆላ ለሚወርድ አንድ ርጭት ይበቃል። ደጋ ላይ ግን አንገት ሥርና ደረት ላይ፣ ከልብስ በታች ርጩት፤ የገላ ሙቀት ያወጣዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አፍንጫ የራሱን ሽቶ ቶሎ ይለምዳል። እናንተ አልሸት ቢላችሁም አጠገባችሁ ያለው ሰው ይሸተዋል። ደጋግማችሁ ከመርጨታችሁ በፊት እሱን ጠይቁት።

“ተፈጥሯዊ ስለሆነ አያሳክክም።”

ያሳክካል። ሽቶ ውስጥ የሚገባው የቤርጋሞት (የሎሚ ዘመድ የሆነ ፍሬ) ዘይት ተፈጥሯዊ ነው፤ ግን ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ሊያቃጥልና ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ክንዳችሁ እጥፋት ላይ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ።

“ንብ ይጠራል።”

ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ምክንያቱ ግን ማሩ አይደለም። ቀፎ አጠገብ ማንኛውም ኃይለኛ ሽታ ንብን ሊያስቆጣ ይችላል። እንዲያውም ንብ ስትናደፍ ሌሎቹን ለመጥራት የምትለቀው ጠረን ሙዝ ሙዝ ይላል። ሙዝ ሙዝ የሚሉ ከረሜላዎችና ሽቶዎች ውስጥ የሚገባውም ያው ንጥረ ነገር ነው። ማር ቆረጣ የምትሄዱ ከሆነ ከማሩ ሽቶ ይልቅ የፍራፍሬውን ፍሩ። ለነገሩ ሁለቱንም ቤት ተዉት።