«የኛ ከተማ ሰው የውጭ ፊልም አይገባውም» ለምትሉ ሁሉ

ሰሞኑን አንድ ልጅ ደወለልኝ። በከተማቸው የአጭር ፊልም ፌስቲቫል ሊያዘጋጁ ነው። ዓለም አቀፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ደስ አለኝ። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳናወራ ግን ያቺን የለመድኳትን ነገር አመጣት፦ «ችግሩ ምን መሰለህ፣ የኛ ከተማ ሰው የውጭ ፊልም አይገባውም።»

እኔ በትንሽ ከተማ ፌስቲቫል ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። ፊልም እመርጣለሁ፣ የትርጉም ጽሑፍ አዘጋጃለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ። ይህችን አባባል ከስፖንሰርም፣ ከፊልም ሠሪም፣ ከአዳራሽ ኃላፊም ሰምቻታለሁ። በጣም ሰልችታኛለች። ወደ እሷ ከመሄዴ በፊት ሌሎች የምሰማቸውን አባባሎች ቶሎ ቶሎ ላንሳ።

«ፌስቲቫል የትልቅ ከተማ ነገር ነው»

ሶዳንኪላ በሰሜን ፊንላንድ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ያለች ከተማ ናት። ነዋሪዋ 10 ሺህ አይሞላም። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፊልም ፌስቲቫል አላት። በፌስቲቫሉ ወቅት ፀሐይ ስለማትጠልቅ ፊልም ሌሊቱን ሙሉ ይታያል። የሚያሳዩት የት ነው? ትምህርት ቤት ውስጥና የሰርከስ ድንኳን ውስጥ ጭምር። በአጭር ፊልም ደግሞ የፈረንሳይዋ ክሌርሞን ፌራን አለች። በ1979 እ.ኤ.አ. በተማሪዎች የፊልም ሳምንት ነው የተጀመረው። ዓለም አቀፍ ውድድር የጨመሩት በ1988 ነው። ዘጠኝ ዓመት ታገሱ ማለት ነው። እናንተም በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ካላደረግን አትበሉ።

«አጭር ፊልም የጀማሪ መለማመጃ ነው»

አይደለም። ኦስካር እንኳ እስከ 40 ደቂቃ ለሆኑ ፊልሞች የራሳቸው ሽልማት አለው።

«ዩቲዩብ ላይ ካለ ፈቃድ አያስፈልግም»

ያስፈልጋል። ሰው ስልኩ ላይ እንዲያየው መጫንና አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሰብስቦ ማሳየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መግቢያው ነፃ ቢሆንም ያው ነው። ለሠሪው ኢሜይል ጻፉለት። እኔ ከጻፍኩላቸው ብዙዎቹ በደስታ እሺ ብለውኛል። መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

«ብዙ ፊልም በመጣልን ቁጥር ጥሩ ነው»

ፊልም ፍሪዌይ (ፊልም ሠሪዎች ለፌስቲቫል ፊልም የሚልኩበት ድረ ገጽ) ላይ ምዝገባ በነፃ ስትከፍቱ ከየአገሩ ይጎርፋል። 600 ፊልም መጣ እንበል፤ አንዱ በአማካይ 15 ደቂቃ። 150 ሰዓት ነው። ማን ቁጭ ብሎ ያየዋል? ልጁ ሠርቶ፣ ለፍቶ ልኮላችሁ ሳታዩለት «አልተመረጠም» ማለት ነውር ነው። ከ20 ደቂቃ በላይ አንቀበልም በሉ፤ ምዝገባውንም ቶሎ ዝጉ።

«የኛ ከተማ ሰው የውጭ ፊልም አይገባውም»

እዚህ ጋ ልቆይ።

እኔ ቪዲዮ ቤት ነው ያደግኩት። የጣውላ አግዳሚ፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣ የህንድ ፊልም። ከመካከላችን ሂንዲ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። ግን ጎረምሳው ሳይቀር ያለቅስ ነበር። ስንወጣ ላላየው ጓደኛችን ታሪኩን ከነዘፈኑ እንነግረዋለን። አይገባውም የሚባለው ይሄ ሕዝብ ነው?

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጥፋቱ የኛ ነበር። ፊልሞቹን በእንግሊዝኛ የትርጉም ጽሑፍ ብቻ አሳየን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰው እየተነሳ ወጣ። ከአዘጋጆቹ አንዱ «አላልኳችሁም?» አለ። በነጋታው ከሁለት ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ የአራት ፊልም ንግግር ወደ አማርኛ መለስን። ማታ ስንከፍተው ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቁጭ! ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። እኔ የሠራሁበት ላፕቶፕ ላይ ያለው የአማርኛ ፎንት ፊልሙን በምናሳይበት ኮምፒውተር ላይ አልነበረም። አቁመን፣ ፎንቱን ጭነን፣ እንደገና ጀመርን። ሰው ጠበቀን። ከዚያ በኋላ ተነስቶ የወጣ አላየሁም።

ከአራቱ አንዱ 12 ደቂቃ ነው። አንድ ሽማግሌ ላሙን ሊሸጥ ገበያ ይወስዳታል። አገሩም ቋንቋውም ለኛ እንግዳ ነው። ደላላው ዋጋ ሲጠራ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ጮክ ብለው «ኧረ እንዳትሸጣት!» አሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ዳይሬክተሩ በቪዲዮ ጥሪ ገባ። ለምን እንደዚያ እንዳሉ አስጠየቃቸው። «ጡቷ ሞልቷል እኮ፤ የምትታለብ ላም ናት። ጠዋትም አልታለበችም። የምትታለብ ላም የሚሸጥ ሰው የባሰ ችግር አለበት» አሉ። ስንተረጉምለት ዝም አለ። ከዚያ ላሚቱን ሆን ብሎ እንደመረጣት፣ እስካሁን ግን ማንም እንዳልጠየቀው ነገረን። ፊልሙ ላይ ስለ ዕዳም ስለ ችግርም የሚያወራ ሰው የለም። እሳቸው ከጡቷ ነው ያነበቡት።

ስለዚህ ሥራችሁን ሥሩ። ከሠሪው የፊልሙን ንግግር በጽሑፍ፣ ከነደቂቃውና ከነሰከንዱ ጠይቁ። ስትተረጉሙ እንደምታወሩት ጻፉ፤ የዜና አማርኛ አታድርጉት። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 (የአማርኛ ፊደል እንዳይበላሽ የሚያደርግ የአቀማመጥ ምርጫ ነው) አስቀምጡት። ሠሪው ከፈቀደ ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትማችሁ አንድ ቪዲዮ አድርጋችሁ አውጡት፤ ያኔ ሳጥን የሚባል ጣጣ የለም። የከተማው ሰው ቤቱ የሚያወራው አፋን ኦሮሞ ወይም ሲዳምኛ ከሆነ አማርኛ ብቻ አይበቃም።

ሌላው ስክሪኑ ነው። የአብዛኛው የከተማ አዳራሽ ወለል ሜዳ ነው። የፊተኛው ሰው ራስ የሚሸፍነው የስክሪኑን ታች ነው፤ ጽሑፉ ያለውም እዚያው ነው። እኛ የታችኛውን ጠርዝ ከመሬት 1 ሜትር ከ40 ላይ ሰቀልነው። ከኋላ ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ ካላነበባችሁ አትመኑት።

ማንበብ የማይችል፣ ወይም ማንበቡ የማይደርስለት ሰውም አለ። ድምፁ ጥሩ የሆነ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ በማይክ ያንብብለት። ሕዝቡ ትርጉም ፊልም የለመደ ነው፤ አይረብሸውም። በየፕሮግራሙም ንግግር የሌለው አንድ ፊልም አስገቡ። ልጆች እሱን ይወዱታል።

«ፌስቡክ ላይ ከለጠፍን ይበቃል»

በገበያ ቀን ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭናችሁ ዙሩ።

«ፕሮጀክተር ካለ አለቀ»

መብራት ይጠፋል። ጀነሬተር ተከራዩ፤ ነዳጁን በዋዜማው ግዙ። ፕሮጀክተሩ አምፖል ያለው ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ሰኩት። ሳይቀዘቅዝ ድርግም ሲል አምፖሉ ይጎዳል፤ መለዋወጫው ደግሞ ትንሽ ከተማ ውስጥ አይገኝም።

«የውጭ እንግዳ ካልመጣ ዓለም አቀፍ አይባልም»

ዓለም አቀፍ የሚያደርገው ፊልሞቹ የመጡበት ቦታ ነው። የላሚቱ ዳይሬክተር አገሩን ለቆ አልመጣም። ለአንድ የአውሮፕላን ትኬት የምታወጡትን ለተርጓሚዎች ክፈሉ።

ለደወለልኝ ልጅም ይህንኑ ነገርኩት። ትናንት የአዳራሻቸውን ፎቶ ላከልኝ። ስድስት ትላልቅ መስኮቶች፣ መጋረጃ የለም። ስለ ብርድ ልብሱ ነገርኩት። ቅዳሜ የመጀመሪያውን ፊልም ንግግር ይልክልኛል፤ አማርኛውን አብረን እንሠራዋለን።